የኮምፒውተሩ ጆሮ የት ገባ?

ይህን ኮምፒውተር የሚሉትን ማሽን በአንድ ነገር አደንቀዋለሁ፤ ለመናገር አይታክትም። ሲከፈት ይጮኻል፣ ሲዘጋ ይጮኻል። በመሃሉ «ይህን አድስ፣ ያንን ፍቀድ፣ የይለፍ ቃልህን አስገባ፣ ባትሪህ ሊያልቅ ነው» እያለ ይነዘንዘኛል። ልጆቹ ዘፈን ሲከፍቱበት እስከ ሦስተኛው ጎረቤት ያሰማል። እኔ አንድ ቃል ልናገር አፌን ስከፍት ግን ጸጥ! ባለቤቴ «በስተርጅና የሰው ጠባይ ያዘ» ትላለች። ዝም የምላት ማንን እንደምትነካ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ነገሌ ቦረና፣ ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንድ ላፕቶፕ አለ። ሴት ልጄ ከሚኒያፖሊስ በሰው እጅ የላከችው ነው። ሳምንቱን ልጆቹ ይፈነጩበታል፤ ቅዳሜ ማታ ባለቤቴ ትወለውለውና ዳንቴል ታለብሰዋለች፤ እሁድ የእኛ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እነሱ ዘንድ እኩለ ቀን ነው፤ ልጄ ልጆቿን ደርድራ ታስቆምልናለች። ይህ በእነሱ በጋ ነው። ብርዳቸው ሲገባ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይጎትቱታል፤ ልዩነታችን ከስምንት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይሄዳል፤ የእኛም እራት አብሮ ይዘገያል። አሜሪካ ሰዓቷን በነካች ቁጥር ነገሌ ላይ ወጥ ይቀዘቅዛል ብል የሚያምነኝ የለም። እሱንም ችለን ኖረናል።

ታዲያ አንድ እሁድ እንደ ወጉ ተቀመጥኩ። ሰላምታ ሰጠሁ፣ መረቅሁ፣ ስለ ዝናቡ ተናገርኩ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ አማረርኩ፣ ጎረቤት ቤት ስለተደረገው ሠርግ በዝርዝር አስረዳሁ። ልጄ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ፣ «አባዬ፣ አፍህ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለም» አለችኝ። እንግዲህ ያንን ሁሉ ያወራሁት ለዳንቴሉ ነበር።

ባለቤቴ መላ አታጣም። ከልጆቹ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ቀድዳ «ደህና ነን» ብላ ጻፈችና ለካሜራው አሳየች። በእኛ ስክሪን ላይ ፊደሉ ግራና ቀኙ ተገላብጦ ታየን። «ለእሷም እንዲህ ከታያት እንዴት ታነበዋለች?» ብላ ወረቀቱን አዙራ ያዘችው። ልጃችን ከአንድ ደቂቃ በላይ ባዶ ወረቀት አየች፤ ከዚያም አለቀሰች። መርዶ መስሏት ነው። በኋላ እንደተነገረን፣ ማሽኑ ሰውን ለራሱ ሲያሳየው እንደ መስታወት ገልብጦ ነው፤ ማዶ ላለው ግን ቀጥ አድርጎ ያሳየዋል። ይህን ከሚነግሩን ዝም ቢሉ ይሻል ነበር፤ ባለቤቴ አሁን ፎቶ በተነሳች ቁጥር የትኛው ፊቷ እንደሆነ ትጠይቃለች።

«ታዲያ ስልክ አለ አይደል? በኢሞ ደውሉ፣ በቴሌግራም ደውሉ» የሚል መካሪ አይጠፋም። ስልክማ አለ። ስልኩ ግን በልጆቹ እጅ ነው፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ባትሪው ሲሞት ነው። በእጄ ቢገባም የእኔ ዓይን በዚያች መስኮት የልጅ ልጆቼን ከወንበሩ መደገፊያ አይለይም።

አሁን እኔ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ፤ ስድቡ የከበደኝ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። የቀድሞ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነኝ። በእነዚህ የቆላ ከተሞች ስልክ ማለት አንድ ክፍል፣ አንድ አግዳሚና አንድ ኦፕሬተር በነበረበት ዘመን እንጀራዬን የበላሁት በድምፄ ነው። እጀታውን አሽከርክሬ «ሃሎ ሻሸመኔ! ሃሎ ሻሸመኔ! ሃሎ!» ስል መንገድ ላይ ያለ በቅሎ ይቆም ነበር። መስመሩ ሲደክም ባለጉዳዩ ከጎኔ ይናገራል፣ እኔ ተቀብዬ እጮኻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን እሰማና በለሆሳስ እነግረዋለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርምና «እናትህ ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ና» የሚለውን ቃል ስንት ሰው አፍ ውስጥ እንደጨመርኩ እግዜር ይቁጠረው። ይህን ያህል ድምፅ የተመላለሰበትን ሰው ነው እንግዲህ «አፍህ ይንቀሳቀሳል» የምትለው፤ ያውም ወልጄ ያሳደግኳት ልጅ።

የዚያን ዘመን መነጋገሪያ ውስጡን አውቀው ነበር። አፉ ላይ ያለውን ክዳን ስትፈታው ክብ ነገር ይወጣል፤ በውስጡ የከሰል ቅንጣት አለ። ድምፅ ሲመታው በላዩ ያለው ስስ ብረት ከሰሉን ይጫነዋል፣ መልሶ ይለቀዋል፤ በከሰሉ መካከል የሚያልፈው ኤሌክትሪክም እንደዚያው ከፍና ዝቅ ይላል። ኤዲሰንና ሌሎች እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ የፈለሰፉት ነው፤ ዓለም አንድ መቶ ዓመት ያህል በከሰል አወራ። ከሰሉ ሲቆይና እርጥበት ሲያገኘው ይጋገራል፣ ድምፅም ይሞታል። መድኃኒቱ መነጋገሪያውን ጠረጴዛ ላይ ኳ፣ ኳ ማድረግ ነው። ከሰሉ ይላቀቃል፣ አዲስ አበባ ትመጣለች። ኮርስ የለው፣ ሰርተፊኬት የለው።

በእኛ አገር ምኒልክ የሐረርን የስልክ መስመር ያስጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ በእንጨት ላይ ተዘረጋ። በዚያን ጊዜ ከሳጥን ውስጥ የሚወጣውን ድምፅ የሰሙ ካህናት የሰይጣን ነው ብለው ተቃወሙ ይባላል። ይሁን፤ የዚያ ዘመን ሰይጣን ግን ሲጠሩት አቤት ይል ነበር።

የላፕቶፑን ማይክ አሳዩኝ ብላቸው ከካሜራው አጠገብ አንዲት ነጥብ አሳዩኝ። «ይህ የዝንብ ሥራ ነው እንጂ ማይክ አይደለም» ብዬ ተከራከርኩ። ለካስ ነው። የከሰሉን ዘመን ካሳጠሩት አንዱ ጄምስ ዌስት የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ከጀርመናዊው ጌርሃርድ ሴስለር ጋር በቤል ቤተ ሙከራ ሆነው ኤሌክትሪክ በውስጡ ይዞ የሚቆይ ስስ ፕላስቲክ ያለው ማይክ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ማይክ እያነሰ ሄዶ ሄዶ ነጥብ ሆነ። ሰውዬው ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ አልክድም። ግን ምኑ ላይ ነው ኳ ኳ የማደርገው? ላፕቶፑን አንስቼ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሳስጠጋው ቤተሰቡ በሙሉ ተነሥቶ እጄን ያዘኝ።

ምርመራው የተጀመረው በእኔ ነው።

«አባባ፣ ምን ነክተው ነው?»

«ምንም አልነካሁም።»

«የሆነ ነገርማ ነክተዋል።»

በዚህ ቤት አምፖል ሲቃጠል፣ ሪሞት ሲጠፋ፣ ድመቷ ምግብ እምቢ ስትል የሚጠየቀው አንድ ሰው ነው። ያንን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በየቤቱ አንድ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጣ ነው።

ላፕቶፑን በሻሽ ጠቅልዬ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ሙዚቃ መጫንና የኮምፒውተር ጥገና በአንድ ጠረጴዛ የሚሠራ ልጅ አለ። ከፈተው፣ ሁለቴ ነካካውና «አባባ፣ ፎርማት ላድርገው?» አለኝ። ፎርማት ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው አለ። «የልጆቹ ፎቶስ?» «አብሮ ይጠፋል።» በዚህ አገር ፎርማት የማያድነው የኮምፒውተር በሽታ የለም፤ ቀርፋፋ ቢሆን ፎርማት፣ ቫይረስ ቢገባው ፎርማት፣ ማይኩ ቢጠፋ ፎርማት። ሐኪም ቤት ይህን ቢለምድ ኖሮ ከእኔ ዕድሜ ሰው አንድም አይተርፍም ነበር። መልሼ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ሌላው ባለ ሱቅ «ማይኩ ሞቷል፣ የጆሮ ማዳመጫ ይግዙ» አለኝ። ገዛሁ። ማዳመጫው ሁለት ሽቦ አለው፤ አንዱ ጫፍ አረንጓዴ፣ አንዱ ሮዝ። ላፕቶፑ ያለው አንድ ቀዳዳ ነው። «አረንጓዴውን ይሰኩት፣ ይበቃል» ብሎ ሸኘኝ። ሰካሁት። የልጄን ድምፅ በሁለቱም ጆሮዬ ጥርት አድርጌ ሰማሁ፤ የምትለውም «አባዬ፣ አሁንም አይሰማም» ነው። በዚህ ዕድሜዬ ስቴሪዮ ሐዘን ገዛሁ።

ምክንያቱን ያስረዳኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ ሐዋሳ ነው የሚሠራው። አረንጓዴው ለመስማት ብቻ ነው፤ ሮዙ ነው የመናገሪያው። ድሮ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ሁለቱንም ቀዳዳ ለየብቻ ነበረው። የአሁኑ ላፕቶፕ ሁለቱን በአንድ ቀዳዳ አጣምሮታል፤ የሚፈልገውም ጫፉ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለውን፣ የስልክ ማዳመጫ ዓይነቱን ነው። ሦስት ቀለበት ማለት አራት መገናኛ ማለት ነው፤ ለቀኝ ጆሮ፣ ለግራ ጆሮ፣ ለማይክና ለመሬት። ቀለበቱ ሁለት ከሆነ ሰሚ እንጂ ተናጋሪ አትሆንም። ሁለቱን ሽቦ ወደ አንድ የሚያመጣ ማገናኛ አለ፤ ነገሌ ላይ ጠየቅሁ፤ «ከሻሸመኔ እናስመጣለን» አሉኝ። ከሻሸመኔ እናስመጣለን የተባለ ነገር ሲመጣ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

የእህቴ ልጅ ተስፋ አልቆረጠም። «ጋሼ፣ ማይኩ አልሞተም፤ የሆነ ቦታ ተዘግቶ ነው። በስልክ ልምራዎት» አለኝ። እየመራ ሴቲንግስ የሚባለው ውስጥ አስገባኝ። ገና ስገባ ቦታውን አወቅሁት፤ መሥሪያ ቤት ነው! በሕይወቴ በሙሉ የዞርኩበት መሥሪያ ቤት፣ መስኮቱ ብዙ፣ ባለጉዳዩ አንድ። መጀመሪያ ሲስተም፣ ከዚያ ሳውንድ፤ ኢንፑት የሚለው ሥር «ምንም መቀበያ አልተገኘም» ይላል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ወደ ሌላ መስኮት ነው። ፕራይቨሲ የሚባለው መስኮት ሦስት ፊርማ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ማይክ እንዲኖረው ይፈቀዳል ወይ? ፕሮግራሞቹስ እንዲጠቀሙበት ይፈቀዳል ወይ? ከታች ደግሞ ከሌላ ቦታ የተጫኑ ፕሮግራሞችስ? ሦስቱም ተፈርመው ኖረዋል። «እኔ ጋ ጨርሰዋል» አለን በሌላ አነጋገር። ቀጥሎ ብሮውዘሩ የራሱ ዘበኛ አለው፤ አድራሻው ከሚጻፍበት አጠገብ ባለችው ትንሽ ምልክት ላይ ገብተህ ማይክ ይፈቀድ ማለት አለብህ። የመነጋገሪያው ፕሮግራምም የራሱ መዝገብ አለው። ኪቦርዱ ላይም የማይክ ሥዕል ያለባት ቁልፍ አለች፤ በእሷ ተዘግቶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ መብራት ትበራለች። አልበራችም።

እዚህ ላይ ልቃወም። በራሴ ቤት፣ በራሴ ወንበር፣ ልጄን ለማናገር የስንት መስኮት ፈቃድ ነው የምጠይቀው? የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ለእርስዎ ደኅንነት ነው፤ ማንም ሳያውቁ እንዳይሰማዎት» ይለኛል። ማን ይስማኝ ነው የሚሉት? እኔ እኮ የሚሰማኝ አጥቼ ነው እዚህ የምንከራተተው! ሊሰልለኝ የሚፈልግ ካለ ይምጣ፤ ሻይ አፈላለታለሁ፤ የጣሪያውን ጉዳይ ከሥር ከመሠረቱ እነግረዋለሁ።

በመጨረሻ ዲቫይስ ማናጀር የሚሉት መዝገብ ቤት ገባን። «ማይኩን ከዚያ ላይ አስወግደን ኮምፒውተሩን አጥፍተን ስናስነሳው ድራይቨሩን ራሱ መልሶ ይጭነዋል» አለኝ። ድራይቨር ማለት ኮምፒውተሩ ዕቃውን የሚያዝበት ሶፍትዌር ነው። እሺ ብዬ ጣቴን ላሳርፍ ስል መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፤ መብራቱን ተከትሎ ሄደ። የስልኬም ባትሪ ሦስተኛ ሆኖ ተከተላቸው። ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ድመቷን አማሁ።

ነገሌ ሰሚ ማጣትን የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚሁ የሰፈረው የአራተኛው ብርጌድ ወታደር ያመፀው ለምን ይመስላችኋል? የውኃ ፓምፕ ተበላሸበት፤ የመኮንኖቹን ጉድጓድ እንዳይነካ ተከለከለ፤ ምግቡም ለሰው የሚሰጥ አልነበረም። አቤት አለ፣ የሰማው የለም። ነገሩን እንዲያዩ የምድር ጦር አዛዡ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለ ከአዲስ አበባ ተላኩ። ወታደሩ ጄኔራሉን ያዛቸው፤ እሱ የሚበላውን አበላቸው፣ እሱ የሚጠጣውንም አጠጣቸው። ወሬው በጦሩ ሬዲዮ ከክፍል ወደ ክፍል ተዳረሰ። በየካቲት ሌሎቹ ክፍሎች ተከተሉ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ምሁራን የአብዮቱን መንስኤ በወፍራም መጽሐፍ ይጽፋሉ፤ መሬት ይላሉ፣ ረሃብ ይላሉ፣ የነዳጅ ዋጋ ይላሉ፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን የጥገና ሰው ነኝና ዓይኔ ከዚያች ፓምፕ ላይ አይነሳም። በጊዜው አንድ ደህና ጠጋኝ ቢገኝላት ኖሮ ብዬ አስባለሁ። የሬዲዮ ሰዎቹንም አስባለሁ፤ የእነሱ ማይክ በዚያን ቀን ጠፍቶ ቢሆንስ? ለሴት ልጄ ይህን በነገርኳት ደስ ባለኝ፤ አልሰማችም።

በዚህ መሃል ከሊበን ሜዳ አንድ ወዳጄ መጣ። ዕድሜ ልኩን ከብት ሲያረባ የኖረ ቦረና ነው፤ ወደ ከተማ ሲገባ ወተት ይዞልኝ ይመጣል። ነገሩን አጫወትኩት። ላፕቶፑን ዞሮ ዞሮ አየው። «የት ነው ሰውየው ያለው?» አለኝ። አሜሪካ አልኩት። «እሷ ትጮኻለች፣ አንተ ትሰማለህ?» አዎ። «አንተ ትጮኻለህ፣ እሷ አትሰማም?» አዎ። ጥቂት አሰበና «ታዲያ ባሏ ነህ ወይስ አባቷ?» ብሎኝ አረፈው።

እሱ አይፈረድበትም። ያደገው ድምፅ ሽቦ በማይፈልግበት አገር ነው። ወደ ዱብሉቅ በኩል ያሉትን ቱላ የሚባሉትን የቦረና ጉድጓዶች ያየ ያውቃል፤ እስከ 30 ሜትር የሚጠልቅ አለ። ጎበዞቹ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው የውኃውን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ ያወጡታል፤ እያዜሙ ነው፤ ዜማው ከተቋረጠ የእጁም ቅብብል ይበላሻል። ፈረንጆች የሚዘፍኑት ጉድጓዶች ይሏቸዋል። በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ ሲሰበሰብ ሺህ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሕግ ይመክራል፤ አባቶቻቸው ይህን ሲያደርጉ «ማይኩ ይሰማል? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ያለ አልነበረም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የገዳን ሥርዓት በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት ሲመዘግብ ይህንን መደማመጥ ጭምር መመዝገቡ ነው ብዬ እገምታለሁ። እኛ ከተሜዎቹ አራት ሰው ሆነን በአንድ ሳሎን ሳንደማመጥ ውቅያኖስ ማዶ እናወራለን።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ያንኑ ሳምንት የልጅ ልጄ፣ እዚሁ ከእኛ ጋር የሚኖረው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ላፕቶፑን ከፍቼ ስታገል አገኘኝ። ቦርሳውን ሳያወርድ ቆሞ አየኝ። «አባባ፣ ቆይ» አለና ሳውንድ የሚለው ውስጥ ገብቶ ከታች ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ የሚለውን ተጫነ። አንዲት የድሮ ዓይነት ትንሽ መስኮት ወጣች፤ ሪከርዲንግ የሚለውን መረጠ። ባዶ ናት። ባዶው ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጫነና «ሾው ዲሴብልድ ዲቫይስስ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ማይኩ ከነሙሉ ስሙ ገርጥቶ ብቅ አለ። እንደገና በቀኝ ቁልፉ ተጫነው፣ «ኢኔብል» አለው። ስናገር አረንጓዴው መስመር ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። የወሰደበት ጊዜ ቦርሳ ለማውረድ ከሚፈጀው ያነሰ ነው።

«እንዴት አወቅከው?» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አባባ። ጌም ስንጫወት ድምፅዎ እየገባ... ልጆቹ ይሄ የማን ሬዲዮ ነው እያሉ ሲስቁብኝ... ረስቼው ነው።»

ሬዲዮ! እስከ ሻሸመኔ ያለ ማጉያ የደረሰ ድምፅ፣ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ የልጅ ልጁ ተዘጋ። ለካ ማሽኑ ታዛዥ ነው፤ እንዲዘጋ የታዘዘውን ዘጋ፤ የተዘጋውንም ከዝርዝሩ ሰወረ። የሚያናድደኝም ይኸው መሰወሩ ነው። ተዘግቷል ብሎ ቢጽፍልኝ ምን ነበረበት? የድሮው ስልክ ቤት ሲዘጋ በሩ ላይ «ዝግ ነው» የሚል ይለጠፍበት ነበር እንጂ ቤቱ ከነግድግዳው አይጠፋም ነበር። ልጁን አልመታሁትም፤ በዚህ ዘመን አይመታም። ነገር ግን «ምን ነክተው ነው?» ብለው የጠየቁኝን በሙሉ በተራ ጠርቼ አስቀመጥኳቸው። ተናገርኩ። ማይክ አላስፈለገኝም።

ይህ ሁሉ አልፎ በሰላም ተነጋገርን ልላችሁ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ግን ዝናብ ጣለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዚህ አገር አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሽፏል፤ ከብቱ እንዴት እንዳለቀ ያየ ሰው ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ማውራት ያቆማል። እኔም አቆምኩና «ስሚው እስቲ» አልኳት። «ምኑን?» አለችኝ። «ዝናቡን!» «ምንም አይሰማም እኮ፣ አባዬ።» ላፕቶፑን ወደ ጣሪያው አነሣሁት፤ ምንም። ልጁ ሲያብራራልን፣ የመነጋገሪያው ፕሮግራም ከሰው ንግግር ሌላ ያለውን ሁሉ እንደ ሁካታ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። ዝናቡ ሁካታ ነው፤ የጎረቤት ፍየል ሁካታ ናት፤ ዶሮው፣ ጀበናው ሲንቆረቆር፣ ከመስጊዱና ከቤተ ክርስቲያኑ የሚመጣው ድምፅ፣ ሁሉም ሁካታ። ልጄ በስደት ዓመታቷ የናፈቀችውን በሙሉ ማሽኑ ቆሻሻ ብሎ ጥሎት ቆይቷል። በሊበን ሜዳ ከዓለም ለመጥፋት በጣም ከተቃረቡት ወፎች አንዷ አለች፤ ከባሕር ማዶ ድረስ መጥተው ድምፅዋን የሚቀርጹላት አሉ። የቆርቆሮ ዝናብ ግን ቀራጭ የለውም፤ ይባስ ብለው የሚቆርጥ ሠሩለት።

ይህንንም የሚያጠፋ ቦታ ተገኘ፤ ኖይዝ ሰፕሬሽን ይሉታል፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚል አለ። እሱ ከተስተካከለ ወዲህ ልጄ ዝናቡንም ፍየሏንም ትሰማለች። አሁን የምትለኝ «አባዬ፣ ፍየሏ ደህና ናት፤ አንተ ግን ድምፅህን ቀንስ» ነው።

እንግዲህ እኩዮቼ፣ በነገሌም፣ በአዶላም፣ በያቤሎም፣ በሞያሌም ያላችሁ፣ አንድ ቀን ማይካችሁ ቢሰወር ፎርማት አታስደርጉ፤ አረንጓዴ ሽቦም አትግዙ። ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ፣ ሪከርዲንግ፣ ባዶው ላይ የቀኝ ቁልፍ፣ ሾው ዲሴብልድ ዲቫይስስ፣ ኢኔብል። በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት። ሲመለስ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ቀይሩት፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመጡ።